ቴኳንዶ፣ ካራቴ ወይስ ቦክስ?

«ዶክተር፣ ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ብዙ ይደርሰኛል። እኔ ግን መጀመሪያ አሰልጣኙን ምረጡ ባይ ነኝ።

ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሳለሁ አንድ ወጣት ተሸክመው አመጡልኝ። ልምምድ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን ሲያዞረው አሰልጣኙ «ውሃ ጠጣና ቀጥል» ብሎታል። የወደቀው በሁለተኛው ምት ነው። ደግነቱ ተረፈ።

«ቦክስ ያስፈራል፣ ቴኳንዶ ይሻላል» የምትሉ አላችሁ። በቴኳንዶ ውድድርም ጭንቅላት ላይ ያረፈ ርግጫ ደረት ላይ ካረፈው የበለጠ ነጥብ ያስገኛል።

ስለዚህ ሳትመዘገቡ በፊት ሄዳችሁ አንድ ልምምድ ተመልከቱ። ጀማሪን በመጀመሪያው ሳምንት ፍልሚያ የሚያስገባ ከሆነ ውጡ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ያዞረው፣ ያስመለሰው ወይም የተደናገረ ሰው በዚያው ቀን ወደ ልምምድ አይመለስም፤ ይታከማል።

ቀበቶው ይደርሳል። አንጎል ግን መለዋወጫ የለውም።