ዲኤክስ ላላችሁ እኩዮቼ፦ ከመፍጠኗ በፊት መቆሟ

ይህ ማስጠንቀቂያ በዕድሜ ለምትመስሉኝ፣ ኮሮላ ዲኤክሳችሁን እስከ ዛሬ ላልሸጣችሁ ሰዎች ነው። ለልጆቹ አልጻፍኩትም። ልጆቹ ፍጥነት ይወዳሉ፤ ዕድሜያቸው ነውና አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ሊብሬው በእናንተ ስም ነው፣ ገንዘቡም የሚወጣው ከእናንተ ኪስ ነው። እናንተ ካልፈቀዳችሁ ማንም አንዲት ብሎን አይፈታም። ስለዚህ ጥፋት ቢመጣ ቀድመን የምንጠየቀው እኛ ነን።

ምን እየተደረገ እንዳለ ታውቃላችሁ። ልጅ ወይም የወንድም ልጅ ይመጣና «አባዬ፣ መኪናዋን ስፖርት ላድርጋት» ይላል። ሞላው ይቆረጣል፣ ማርሚታው ይወልቃል፣ ሰፋፊ ቸርኬ ይገባል፣ ኮፈኑ ጥቁር ይቀባል፣ ከኋላ ክንፍ ይሰካል። የባሰበት ደግሞ ሞተሩን አውጥቶ ትልቅ ሞተር ይጭናል። ሰፈሩ ያጨበጭባል፣ እኛም የራሳችንን ወጣትነት ያየን እየመሰለን ፈገግ እንላለን። እኔ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ መኪናዋ በደንብ እንደምትቆም ሳታረጋግጡ፣ እንድትፈጥን ብላችሁ አንድ ብር አታውጡ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

አብዛኞቻችን የያዝናት ኬኢ70፣ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣት አራተኛዋ የኮሮላ ትውልድ ናት። 4ኬ የሚባለው ሞተሯ 1290 ሲሲ ሲሆን ጉልበቱ 60 ፈረስ ገደማ ነው። የፊት ፍሬኗ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር ነው። ፍሬኑም፣ ሞላውም፣ የጎማው ኩሽኔታም ለዚያ ጉልበትና ለቀጭን ጎማ ተመጥነው የተሠሩ ናቸው። አንዱን ብቻ ስታሳድጉ ሌሎቹ ባሉበት ይቀራሉ።

ልጆቹ «ጉልበት የላትም» ይሏችኋል። እውነት ነው፣ ግን ምክንያቱን አያውቁም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ሞተሩም የዚያኑ ያህል ይደክማል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ ይወጣል። ካርቡራተሩን ለከፍታው ማስተካከል፣ የቫልቩን ክፍተት ማስለካት፣ ካንዴላ መቀየር አዲስ ሞተር ከመጫን እጅግ ይረክሳል፤ ስስ አየሩ የቀነሰውን ጉልበት ባይመልስም በነዳጅ መብዛትና በጥገና ጉድለት የጠፋውን ይመልሳል። ይህንን ሳያደርግ ሞተር ልቀይር የሚል ሰው መኪናውን አያውቃትም። ደግሞም ደጋው ከሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ቁልቁለት ላይ ከመኪናዋ ክብደት ምንም አይቀንስም።

ቁልቁለት ስል የምትነዱባቸውን መንገዶች አስቡ። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ያ ቁልቁለት ሁሉ ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ይከማቻል። ፍጥነት ሲጨመርበት ደግሞ ሒሳቡ ይከብዳል፦ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የምትሄደውን መኪና ለማቆም በ60 የምትሄደውን ከማቆም እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ኃይል ማብረድ ያስፈልጋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፤ ስትረግጡት ፔዳሉ ያለ ምንም መቋቋም ወለሉ ድረስ ይገባል። በዚያች ቅጽበት የተጫነው ትልቅ ሞተር፣ የተቀባው ኮፈን፣ የተሰካው ክንፍ አንዳቸውም አይረዷችሁም። ስንቶቻችን ነን የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ የምናስለውጥ? «አልጎደለም» ብለን ክዳኑን መልሰን የምንዘጋ አይደለንም?

ስለ ሞላው ደግሞ ስሙኝ። በግራይንደር የተቆረጠ ሞላ መኪናዋን ዝቅ ያደርጋል፣ ያምራልም። ነገር ግን ጥቅልሉ ሲያንስ ይደርቃል፣ የሚጫወትበትም ቦታ ይጠብባል፤ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ብረት ከብረት ይማታል። ጎማው ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ያጠረው ሞላ ከመቀመጫው ሊላቀቅ ይችላል። በእሳት አሙቆ ማሳጠር ከመቁረጥ ይብሳል፤ ብረቱ የተሰጠውን ጥንካሬ ያጣል። ማርሚታ ማውለቅም ያው ነው፦ ድምፅ ይጨምራል እንጂ ጉልበት አይጨምርም፤ የጭስ መውጫው ቀዳዳ ካበጀ ደግሞ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ወደ ውስጥ ይገባል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ዝገት የሚሸፍነው ቀለም ነው። እነዚህ መኪኖች እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም፤ የሚሸከማቸው ራሱ ላሜራው ነው። ላሜራው ከዛገ የዛገው የመኪናዋ አጥንት ነው። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሉና ከበሩ በታች ባለው ደረጃ ላይ አስኪዱት። ብረት ባለበት ይሳባል፤ ድንገት ለቆ የሚንሸራተት ከሆነ ከቀለሙ በታች ያለው ስቱኮ ነው። ኮፈኑን ከፍታችሁ የፊት አሞርዛተር ከላይ የታሰረበትን ቦታ፣ ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን በካቻቢቴ ጫፍ ተጫኑ። ካቻቢቴው ከሰመጠ መኪናዋን ለቀለም ሳይሆን ለበያጅ ውሰዷት። የዛገው ተቆርጦ ይውጣ፣ በቦታው ደህና ላሜራ ይበየድ፤ በዝገት ላይ ልጣፊ መበየድ ማሳመር እንጂ መጠገን አይደለም።

ችግሩ ለምን እንደበዛ አውቃለሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። መተኪያ ስለጠፋ መጣል የነበረበት ሁሉ ስቱኮ ተለጥፎበት ይነዳል። በዚህ ዘመን ዲኤክስ ንብረት ናት፤ የምትቆረጠውን እያንዳንዷን ነገር ከዚህ በኋላ ማግኘት ይከብዳል።

«አርባ ዓመት ነድተናት አንዳች አልሆነችም» የምትሉ አላችሁ። ያ ሁሉ ዘመን በሰላም ያለፈው በ60 ፈረስ ጉልበት፣ በራሷ ሞላና በእናንተ አነዳድ ነው። ሦስቱም ከተቀየሩ ያለፈው ዘመን ዋስ አይሆናችሁም። «ቦሎ ተለጥፎላታል» የምትሉም አላችሁ። ቦሎ መኪናዋ በዚያን ቀን ምርመራውን ማለፏን ይናገራል፤ በማግስቱ ስለተቆረጠው ሞላ ምንም አያውቅም።

መኪና አይነካ አላልኩም። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ ነው የምለው። ልጁ ሲመጣ እንዲህ በሉት፦ «መጀመሪያ የፍሬን ዘይቱ፣ ጎሚኒውና ሸራው ይለወጥ። ትራንቲውና ኩሽኔታው ይፈተሽ። ዝገቱ ተቆርጦ ይበየድ። ደህና ጎማና አሞርዛተር ይግባ። ከዚያ የተረፈ ገንዘብ ካለ ስለ ቸርኬና ስለ ሞተር እንነጋገራለን።» ያኮርፋል። ያኩርፍ።

በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ በእኛ ዝምታ የሚጎዳው የእኛ ልጅ ብቻ አይደለም፤ መንገድ የሚሻገር የሌላ ሰው ልጅም አለ። እኛ ሽማግሌዎች የምንጠራው ዘወትር ነገር ከተበላሸ በኋላ፣ ተበዳይና በዳይ ለማስታረቅ ነው። ለሞተ ልጅ ግን ማናችንም ብንቀመጥ የምናመጣው ነገር የለም። ሽምግልናችን ፍሬኑ ሳይፈተሽ ገንዘብ ባለመስጠት ይጀምር፤ ለዚህ ማንም እስኪጠራን አንጠብቅ።