የመማሪያ ክፍል ምቹነት በኬሚስትሪ ትምህርት ውጤት ላይ ያለው ድርሻ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ይፋ የተደረጉት ውጤቶች የትምህርት ጥራትን የመላው ኅብረተሰብ አጀንዳ አድርገውታል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ ተፈታኞች ድርሻ በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበር። አኃዞቹ የሁሉንም የትምህርት ዓይነቶች ድምር ውጤት የሚያሳዩ እንጂ የኬሚስትሪን ብቻ የሚመለከቱ አይደሉም። ሆኖም ኬሚስትሪ በተፈጥሮ ሳይንስ መስክ ከሚሰጡት ፈተናዎች አንዱ፣ ለሕክምና፣ ለፋርማሲ፣ ለግብርናና ለምህንድስና ሙያም መሠረት በመሆኑ፣ ተማሪው የሚማርበት ክፍል ሁኔታ በውጤቱ ላይ ምን ያህል እንደሚመዝን መመርመር ተገቢ ነው።

ኬሚስትሪ ለምን የተለየ ክፍል ይሻል?

በኬሚስትሪ ማስተማር ምርምር የሚታወቁት የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው አሌክስ ጆንስተን እንዳመለከቱት፣ ይህ ትምህርት ተማሪው አንድን ነገር በሦስት ደረጃ እንዲረዳ ይጠይቃል፤ በዓይን የሚታየውን ለውጥ፣ በዓይን የማይታየውን የአተምና የሞለኪውል እንቅስቃሴ እንዲሁም ሁለቱን የሚወክለውን ቀመር። ጨው በውሃ ሲሟሟ ተማሪው የሚያየው የጨውን መጥፋት ነው፤ መምህሩ የሚያስረዳው ስለ ሶዲየምና ክሎራይድ አዮኖች መለያየት ነው፤ በሰሌዳው ላይ የሚሰፍረው ግን ምልክት ብቻ ነው። የሚታየው ከተጓደለ የቀሩት ሁለቱ በቃል የሚሸመደዱ ይሆናሉ። በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ ሲታከልበት ሸክሙ እጥፍ ይሆናል።

የተማሪ ብዛት፣ ብርሃንና ድምፅ

ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው የክፍል ጥምርታ 40 ተማሪ ለአንድ ክፍል ነው። ከዚህ በላይ በተጨናነቀ ክፍል መምህሩ በመቀመጫዎች መካከል እየተዘዋወረ ደብተር ለማየት ይቸገራል። በሞል ስሌት ላይ በመጀመሪያው እርምጃ የተሳሳተ ተማሪ፣ ስህተቱን የሚነግረው ሳያገኝ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ይሸጋገራል፤ ኬሚስትሪ ምዕራፍ በምዕራፍ ላይ የሚገነባ በመሆኑም ክፍተቱ እየሰፋ ይሄዳል። የውሃና የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀመሮች የሚለያዩት በአንዲት የግርጌ ቁጥር ብቻ ነው። ሰሌዳው ያረጀበት ወይም የመስኮት ነጸብራቅ የሚያርፍበት ክፍል ከኋላ ለተቀመጠው ተማሪ ይህችን ቁጥር ሊሰውርበት ይችላል። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ የዝናቡ ድምፅ የመምህሩን ማብራሪያ ይውጠዋል።

የተዘጋ ቤተ ሙከራ

ብሔራዊ ፈተናው የምርጫ ጥያቄዎችን የያዘና የተግባር ሙከራ የሌለው መሆኑ፣ ቤተ ሙከራን መዝጋት ጊዜ መቆጠብ እንዲመስል አድርጎታል። ይህ ግን የተሳሳተ ስሌት ነው። ስለ አሲድና ቤዝ የሚቀርብ ጥያቄን ለውጡን በዓይኑ ያየ ተማሪ በማገናዘብ ሲመልስ፣ ያላየው የሚተማመነው በትውስታው ላይ ብቻ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት ቴሌቪዥን፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» በሚባለው፣ የተጀመረው ትምህርትም ይህንኑ ያስታውሳል። ሙከራዎችን ለማሳየት ዕድል የፈጠረ ቢሆንም፣ ተማሪው ጥያቄ ሲኖረው ሥርጭቱን ማስቆም አይችልም ነበር።

የኬሚካል እጥረት ባለበትም ብዙ መሥራት ይቻላል። የቀይ ጥቅል ጎመን ቅጠል ተቀቅሎ የሚገኘው ፈሳሽ የሎሚ ጭማቂ ሲጨመርበት ወደ ቀይ፣ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ዩኔስኮ ያስተዋወቀው በጥቃቅን መሣሪያዎችና በጥቂት ጠብታ ኬሚካል የሚከናወን የሙከራ ስልትም ወጪንና አደጋን ይቀንሳል። ያም ሆኖ አየር የሚያስገባ መስኮት፣ በቅርብ የሚገኝ ውሃና የመምህር ክትትል ሊጓደሉ አይገባም።

ለመጠየቅ የማያስፈራ ክፍል

ምቹነት በግድግዳና በወንበር ብቻ አይለካም። ሲሳሳት የሚሳቅበት ተማሪ ዳግመኛ እጁን አያወጣም። በቡድን ሙከራ ወቅት ወንዶች መሣሪያውን ሲይዙ ሴቶች መዝጋቢ ብቻ የሚሆኑበት ልማድም ግማሹን ክፍል ተመልካች ያደርጋል። የሥራ ድርሻን በየተራ ማቀያየር፣ ሐሳቡን በቅድሚያ በሚግባቡበት ቋንቋ ተወያይተው መልሱን በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ ማድረግ በጀት የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው።

ወላጆችና ተማሪዎች ምን ሊጠይቁ ይችላሉ?

ምቹ ክፍል የመምህሩን ዝግጅትና የተማሪውን ጥረት አይተካም፤ ሁለቱ ፍሬ እንዲያፈሩ ግን ያስችላል። የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብርም ምቹ የመማሪያ አካባቢን ከመማር ማስተማር፣ ከአመራርና ከኅብረተሰብ ተሳትፎ ጋር ከአራቱ ዐበይት ጉዳዮች አንዱ አድርጎታል። ስለሆነም ወላጆች በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አማካይነት የሚከተሉትን መጠየቅ ይችላሉ፦

• ቤተ ሙከራው በሳምንት ስንት ጊዜ ይከፈታል? የጊዜ ሰሌዳውስ ለተማሪዎች ተገልጿል?
• በልጃቸው ክፍል ስንት ተማሪ ይማራል? የመቀመጫ ቦታስ በየጊዜው ይቀያየራል?
• የሰሌዳ፣ የመስኮትና የጣሪያ ጥገና በትምህርት ቤቱ የማሻሻያ ዕቅድ ውስጥ ተካትቷል?

ጥያቄው በቅድሚያ ለርዕሰ መምህሩ፣ መፍትሔ ካልተገኘም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሊቀርብ ይገባል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ እንዳሳየው፣ ኅብረተሰቡ በገንዘብ፣ በቁሳቁስና በጉልበት ሲተባበር ትምህርት ቤቶች ይታደሳሉ። በዚህ ትብብር አጥርና መማሪያ ክፍል ሲሠራ ቤተ ሙከራው እንዳይዘነጋ ማሳሰብ የወላጆችም ኃላፊነት ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በአንድ ሳምንት ፈተና ይታወቅ እንጂ የሚሠራው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በየዕለቱ በሚከፈተው ወይም ተዘግቶ በሚውለው በር ውስጥ ነው።