በተሸነፉበት ቀን የተገኘ ጀግና

ውድ አንባቢዬ፤ «ክሪኬት የሚባለውን ጨዋታ አላውቀውም» ቢሉኝ አልፈርድብዎትም። ለዛሬው ወጋችን የሚበቃውን ያህል ብቻ ላስረዳዎት። አንደኛው ተጫዋች ኳስ ይወረውራል፤ ሁለተኛው ከበስተኋላው የተተከሉትን ሦስት ቀጫጭን እንጨቶች ኳሷ እንዳትመታበት እየተከላከለ በጠፍጣፋ ዱላ ይመልሳታል። ኳሷ ርቃ ሳለ ከወዲህ ወዲያ በሮጠ ቁጥር ለወገኑ ነጥብ ይቆጠራል። እንጨቶቹ ከተመቱበት፥ ወይም የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበችበት ይወጣል። አንድ ሰው ሳይወጣ ለብቻው መቶ ነጥብ ከሞላ ታላቅ ክብር ነው። አገር ከአገር የሚገናኝበት ትልቁ ግጥሚያ እስከ አምስት ቀን ይፈጃል። አዎን፥ አምስት ቀን! ምሳና ሻይም በመካከሉ አለ።

ባንግላዴሽ ወደዚህ ትልቅ ግጥሚያ እንድትገባ የተፈቀደላት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ዳካ ላይ ከሕንድ ጋር ስትጋጠም አሚኑል ኢስላም 145 ነጥብ አግኝቶ ሕዝቡን አስፈነደቀው፤ ግጥሚያው ግን በሽንፈት አለቀ። ከዚያ በኋላም ሽንፈት በሽንፈት ላይ ተደራረበ። «ሳትበስል ቀረበች» የሚሉ ሰዎችም አልጠፉም።

እንግዲህ የ2001 ሴፕቴምበር ደረሰና ቡድኑ ወደ ስሪላንካ፥ ወደ ኮሎምቦ ሄደ። በመጀመሪያው ዙር በ90 ነጥብ ብቻ ሁሉም ወጡ። ስሪላንካዎች በተራቸው 555 ቆለሉ፤ ያውም አምስት ሰው ብቻ ወጥቶባቸው። ከእነዚህም ሁለቱ፥ አታፓቱ 201፥ ጃያዋርደኔ 150 ካገኙ በኋላ፥ ማንም ሳያስወጣቸው ለጓደኞቻቸው ተራ ለመስጠት በገዛ ፈቃዳቸው ከሜዳ ወጡ። ለእኔ እንደሚመስለኝ ከሽንፈቱ ይልቅ ይህ ዓይነቱ ቸርነት ያንገበግባል።

በዚህ መካከል መሐመድ አሽራፉል የተባለ ልጅ ዱላውን ይዞ ገባ። ለአገሩ በትልቁ ግጥሚያ ሲሰለፍ የመጀመሪያው ነበር። በፊት ለፊቱ የቆመው ሙራሊታራን ነው፤ ኳሷን እንደ እንዝርት የሚያሾር፥ ጨዋታውን እስኪያቆም ድረስ 800 ሰው ያስወጣ ሰው! ልጁ ግን አልደነገጠም። ወደ ፊት እየተራመደ መታው፤ መቶን አልፎ 114 ደረሰ። ባንግላዴሽ ሁለቱ ዙር ተደምሮ ከስሪላንካ አንድ ዙር በ137 አንሳ ተሸነፈች። የግጥሚያው ኮከብነት ግን ለሙራሊታራንና ለአሽራፉል በጋራ ተሰጠ።

ዕድሜውስ? በተመዘገበው ልደቱ 17 ዓመት ከሁለት ወር ነበር። ሌላ የልደት ቀንም ይነገርለታል፤ በዚያኛው ቢቆጠር ገና በማግስቱ ነበር 17 የሚሞላው። በሁለቱም ሒሳብ ቢሆን የፓኪስታኑ ሙሽታቅ መሐመድ በ1961 ዴልሂ ላይ ያቆመውን፥ ለ40 ዓመት ያልተነካውን የዕድሜ ሪኮርድ ሰበረ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማሸነፍ የናፈቀው ሕዝብ ተስፋውን ሁሉ በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ አኖረ። እሱ ደግሞ ትዕግሥት የጎደለው፥ መምታት የሚወድ ነበር፤ ደጋግሞ በጥቂት ነጥብ ይወጣል። በ2003 ከቡድኑ እስከ መቀነስ ደረሰ። ሁለተኛውን መቶ ያገኘው በዲሴምበር 2004 ቺታጎንግ ላይ ሕንድን ሲገጥሙ ነው፤ 158 አግኝቶ ሳይወጣ ቀረ። ጉዱን ይመልከቱ፤ ያን ቀንም አገሩ ተሸነፈች!

በመጨረሻ ሰኔ ላይ፥ እ.ኤ.አ. በ2005፥ ካርዲፍ ከተማ በአንድ ቀን በሚያልቀው ዓይነት ጨዋታ ከዓለም ሻምፒዮኖቹ ከአውስትራሊያ ጋር ተገናኙ። አውስትራሊያ 249 አገኘች። አሽራፉል ልክ 100 ሞልቶ ወጣ፤ ጓደኞቹ የቀረውን ጨረሱና ባንግላዴሽ አሸነፈች። ልጁ ገና 20 ዓመቱ ነበር።

የኋላው ታሪክ አያምርም። በ2013 ገንዘብ ተቀብሎ ጨዋታ ማበላሸቱን አምኖ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2014ም ታገደ። በልጅነቱ ሸክም በዝቶበት ነበር ብዬ ጥፋቱን ላቃልልለት አልሻም፤ ሌሎችም ተሸክመዋልና። ዕገዳው በ2018 ሙሉ በሙሉ ተነሥቶለት በአገሩ ክለቦች ተጫወተ፤ ብሔራዊ ቡድኑ ግን ዳግመኛ አልጠራውም።