አጥንት ሕያው ነው፤ ደሙን አንከልክለው

ብዙ ሰው አጥንትን እንደ ደረቅ እንጨት ይቈጥረዋል። ገላን የሚያቆም ምሰሶ እንጂ እንደ ሥጋ የሚመገብ፣ የሚያድግና የሚታመም አይመስለውም። ይህ አሳብ እጅና እግር እስከ ማሳጣት የሚያደርስ ስሕተት ስለ ሆነ፣ በዚህ ወር ልንናገርበት ወደድን።

ያዋቂ ሰው አካል 206 አጥንቶች አሉት። እነዚህም ገላን ደግፈው ያቆማሉ፤ አንጎልን፣ ልብንና ሳንባን ይጠብቃሉ፤ በመቅናቸው ውስጥ ደም ይሠራል። በሰውነታችን ካለው ካልሲየም ከመቶው 99 እጅ የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ነው። በአጥንት ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ሌት ተቀን አሮጌውን እያፈረሱ አዲሱን ይገነባሉ። የተሰበረ አጥንት መልሶ የሚገጥመውም በእነዚሁ ሕዋሳት ሥራ ነው።

ሠራተኛ ግን ያለ ስንቅ አይሠራም፤ የአጥንትም ስንቅ ደም ነው። ይህን ለመረዳት ከተማችንን መመልከት ይበቃል። በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው የጀጎል ግንብ ከሩቅ ሲታይ ድፍን ይመስላል። ሆኖም ገበያተኛው በበሮቹ ይገባል፤ በጠባቦቹ መንገዶችም ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ግቢ ይደርሳል። አጥንትም እንዲሁ ነው። የደም ሥር በትንሽ ቀዳዳ ወደ መቅኑ ይዘልቃል፤ ከዚያም በረቂቅ ቦዮች ተከፋፍሎ ሕዋሳቱን ይመግባል። አጥንቱን ከውጭ የሸፈነው ስስ ሽፋንም በበኩሉ ደም ያቀብላል። በሮቹ ሁሉ ቢዘጉ ከተማ እንደሚራብ፣ ደም የተከለከለ አጥንትም ይሞታል።

አሁን አንድ ልጅ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ እንበል። ወጌሻ ተጠርቶ በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ ያስረዋል። የተሰበረ ክንድ ያብጣል፤ እብጠቱም መውጫ ሲያጣ የደም ሥሮችን ይጫናል። ሥጋ ለ6 ሰዓት ያህል ያለ ደም ከቆየ መሞት ይጀምራል። ልጁ ሲያለቅስ ግን «ስብራት ያማል፤ ቻለው» ይባላል። ጣቶቹ ከጠቈሩ በኋላ ወደ ሆስፒታል ሲወሰድ፣ ሐኪሙ ነፍሱን ለማትረፍ ክንዱን ለመቍረጥ ይገደዳል። ጎረቤትም «ሐኪም ቤት የሄደ ይቈረጣል» ይላል፤ የሚቀጥለውም ልጅ በዚሁ ፍርሃት ዘግይቶ ይመጣል። እጁን ያሳጣው ግን መጋዙ ሳይሆን ማሰሪያው ነበር።

ይህን የምንጽፈው ወጌሾችን ለመንቀፍ አይደለም። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. የጠበቀ ማሰሪያ እጅን እንደሚያኰማትር ሲጽፍ፣ የተናገረው ስለ ሐኪሞች ሥራ ነበር። ዛሬም በሆስፒታል የተደረገ ጀሶ ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ወጌሻን ማባረር መፍትሔ ነው ብለን አናምንም፤ ሕዝቡ ስለሚያምነው ይልቁን እርሱን ማስተማር ይገባናል።

መምህራንና ወላጆች ሆይ፣ የታሰረ እጅ ወይም እግር ስታዩ ጣቶቹን መርምሩ። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹን ሲዘረጉለት ከጮኸ፣ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቈሩ ደም ተከልክሏል ማለት ነው። ጥፍሩን ተጭናችሁ ስትለቁት ቅላቱ በ2 ሴኮንድ ያህል ካልተመለሰም እንዲሁ ያሠጋል። ማሰሪያውን ወዲያው ፍቱ፤ እጁን ደግፋችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ጀሶ ከሆነም የቀጠሮውን ቀን አትጠብቁ። አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ ከወጣ ደግሞ ቍስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም አድርሱት።

ጠማማ ሆኖ የገጠመ አጥንት ሊቃና ይችላል፤ የተቈረጠ እጅ ግን አይመለስም። ልጅ «ማሰሪያው ጠበቀኝ» ሲል «ቻለው» ከማለት ይልቅ ጣቶቹን ማየት የሁላችንም ግዴታ ይሁን።