ሞላሌ ላይ «ፕሪሚየም» ምን ይሠራል?

ለበዓል ከአሜሪካ ዘመድ የመጣለት ሰው ይህችን ጥያቄ ሳይሰማት አይቀርም፤ «ሬጉላር ነው ፕሪሚየም የምትሞላው?»። የእኛ ማደያ ቀጂ የሚያውቀው ጥያቄ ግን «ቤንዚን ነው ናፍጣ?» የሚለውን ነው። ቤንዚኑ አንድ ዓይነት፣ ዋጋውም መንግሥት የሚቆርጠው ስለሆነ፣ ማማረጥ የለም።

ሞላሌ ላይ ባጃጅ የሚነዳ አንድ ወጣትም ነገሩ ቢያሳስበው ጠየቀኝ፤ «ጋሼ፣ ያ ውድ የሚባለው ቤንዚን ቢመጣልን ሞተራችን አይበረታም?»። አይበረታም። ለምን የሚለውን ግን ማወቅ ለኪስ ይጠቅማል።

ውዱን ቤንዚን ከርካሹ የሚለየው የኦክቴን ቁጥሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሬጉላሩ በብዛት 87፣ ፕሪሚየሙ ከ91 እስከ 93 ነው። ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ በፒስቶን ሲታመቅ፣ ካንዴላው እሳት ሳይሰጥ በራሱ እንዳይቀጣጠል ያለው የመቋቋም አቅም ነው። የጉልበትም ሆነ የንጽሕና መለኪያ አይደለም። ሞተሩ ከሚፈልገው ሲያንስ ያንኳኳል፣ ውሎ አድሮም ፒስቶን ይጎዳል። ከሚፈልገው በላይ ሲሆን ግን የተረፈው ወጪው ነው። ፕሪሚየም የሚያስፈልገው አምራቹ በመመሪያው ላይ «ይህን ሙሉ» ላለው ሞተር ነው፤ ይኸውም በአብዛኛው ቱርቦ ላለው ወይም አጥብቆ ለሚያምቅ።

መንዝ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ከፍታው። ሞላሌ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስለሚያንስ እመቃውም ይለዝባል፤ የማንኳኳት አደጋውም ይቀንሳል። 1 ሺህ 600 ሜትር ላይ ባለችው በዴንቨርና በአካባቢዋ 85 ኦክቴን ያለው ቤንዚን የሚሸጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ሞላሌ የዴንቨርን እጥፍ ልትሆን ጥቂት ነው የቀራት።

ሆኖም ደጋው የሸፈነውን ቆላው ይገልጠዋል። ከሞላሌ በመዘዞ፣ በጣርማ በር አድርጎ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሾፌር፣ ሙቀቱና የአየሩ ግፊት ሁለቱም ይጨምሩበታል። ጭኖ የደብረ ሲናን አቀበት ሲመለስ ሞተሩ ካንኳኳ፣ «ፕሪሚየም ስላላገኘሁ ነው» ከማለቱ በፊት ከየት እንደቀዳ ያስታውስ።

የእኛ እውነተኛ ምርጫ እዚህ ላይ ነው፤ የማደያ ቤንዚን ወይስ የጀሪካን? መንገድ ሲዘጋ ወይም ቦቴው ሲዘገይ፣ ማደያው ባዶ ሆኖ የሃይላንድ ላስቲክ ዳር ለዳር ይደረደራል። ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ከተቀላቀለበት ኦክቴኑ ይወርዳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ውሃና ቆሻሻ ካለበት ደግሞ ፊልትሮው ይደፈናል። የባጃጅ ነጂው ከማደያው ዋጋ በላይ ከፍሎ ከማደያው ያነሰ ቤንዚን ይገዛል ማለት ነው፤ በላዩም የጋራዥ ሒሳብና ሳይሠራ የዋለበት ቀን አለ።

ለጥርጣሬ ቀላል ፈተና አለ። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርገው፣ ከእሳት አርቀው ይጠብቁ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ያለበት የቅባት ምልክት ይተዋል። የኦክቴኑን ልክ አይነግርዎትም፣ ከከፋው ግን ያድንዎታል።

ቤንዚናችን ባለፉት ዓመታት ተለዋውጧል። በ1996 ዓ.ም. ኦክቴን ከፍ ለማድረግ ይጨመር የነበረው እርሳስ ቀረ። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል ተቀላቀለበት። ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ የምንጠይቀው ዋጋውን ብቻ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነን።

ስለዚህ በእኔ እምነት «ሱፐር ይምጣልን» ማለት የተሳሳተ ጥያቄ ነው። የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየፖምፓው ላይ ከዋጋው ጎን የኦክቴን ቁጥሩ ይጻፍ፤ ገዢ የሚከፍልበትን ይወቅ። ሁለተኛ፣ ለደጋ ከተሞች የሚላከው ነዳጅ ቀኑን ይጠብቅ። ከማደያ ውጭ የሚሸጠውን መቅጣት ብቻውን አይበቃም፤ ማደያው ባዶ እስከሆነ ድረስ ጀሪካኑ ገበያ አያጣም።

እስከዚያው ግን ለባለባጃጁ ወጣት የምለው ይህን ነው፤ ለፕሪሚየም የተመኘኸውን ገንዘብ ለፊልትሮና ለካንዴላ አውለው፣ ማደያው ሲመጣለትም ሳልባቲዮህን ሙላ። ርካሽ ያስወጣል ጥሬ ካሽ ይባላል፤ የመንገድ ዳሩ ቤንዚን ደግሞ ርካሽም አይደለም።