ሳቁ በማን ላይ ነው?

ስለ ቬኒሱ ሠዓሊ ስለ ኒኮላ ብራንካሌዮን የሚነገረውን ጨዋታ ያልሰማ የታሪክ መምህር ጥቂት ነው። ፈረንጁ ሀብት ፍለጋ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ሥዕል እንዲሥል ታዘዘ፤ እንደ አገሩ ልማድ ሕፃኑን ኢየሱስን በእመቤታችን ግራ ክንድ ላይ አድርጎ ሣለ፤ ካህናቱና ሕዝቡ «ጌታችንን በግራ አስቀመጠው» ብለው ተነሡበት፤ ንጉሡ ባይከላከሉለት ኖሮ ሥዕሉ በጠፋ ነበር። ተራኪው እዚህ ሲደርስ ይሥቃል፤ አድማጩም አብሮ ይሥቃል። የሚሳቀው ግን በሠዓሊው ላይ ሳይሆን በአባቶቻችን ላይ ነው፤ ቀኝና ግራ ሲለዩ ጥበብ አመለጠቻቸው ለማለት ነው። እኔ ይህን ሳቅ አልቀበለውም።

በመጀመሪያ ተረቱ ራሱ ይመርመር። የውጭው ዓለም ነገሩን የሰማው ከስኮትላንዳዊው ተጓዥ ከጀምስ ብሩስ ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1790 ነው። ብሩስ ሥዕሉን ዐፄ በእደ ማርያም ካሠሩት ከአትሮንሰ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጋር ያያይዘዋል። በእደ ማርያም የነገሡት ከ1468 እስከ 1478 ነው፤ ብራንካሌዮን ደግሞ ወደ አገራችን የገባው በ1480 ገደማ እንደ ሆነ ይገመታል። ቤተ ክርስቲያኑም በ1531 በአሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ተቃጥሏል። እንግዲህ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ የተጻፈን ጨዋታ በዓይን እንደ ታየ አድርጎ ለተማሪ ማስተማር ደግ አይደለም። ይሁን፤ ተረቱን እንደ እውነት እንቀበለውና እንከራከር።

በዚያ ዘመን ለነበረ ሰው ግራ ተራ ነገር አልነበረም። በጦር ሹመት ቀኝ አዝማች ከግራ አዝማች ይበልጣል። በፍርድ ቀን በጎች በቀኝ፣ ፍየሎች በግራ እንደሚቆሙ ወንጌል ይናገራል። የነገር ውሉ የጠፋበት ሰው እስከ ዛሬ «ግራ ገባኝ» ይላል። ሥዕሉም ለማጌጥ ብቻ የሚሰቀል አልነበረም፤ እንደ መጽሐፍ የሚነበብ ነበር። ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉው በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን ይታያል። ይህን ፊደል ያወቀ ሕዝብ የእንግዳውን ሥራ ሲያይ ግድፈት መሰለውና ተናገረ። ስለ አንድ ሥዕል አገር እስኪነሣ ድረስ የሚከራከር ሕዝብ ሥዕል የማያውቅ ሊባል እንዴት ይቻላል?

ደግሞም ግትር አልነበሩም። በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው፣ ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት የምትባለው የእመቤታችን ሥዕል ሕፃኑን የያዘችው በግራ ክንዷ ነው። የርስዋን ቅጂ ኢየሱሳውያን ይዘው መጡ። ኢየሱሳውያኑ በ1630ዎቹ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ከአገር ወጡ፤ ሥዕሊቱ ግን ቀረች፤ ሠዓሊዎቻችንም በየአድባራቱ ግድግዳ አባዟት። ዛሬ በጎጃም በአንዱ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ቀና ያለ ሰው ሕፃኑን በግራ ክንድ ታቅፎ ያገኘዋል። ግራው እንግዲህ ምክንያት ሲያገኝ ተቀባይነት አግኝቷል። ይህን የተረቱን ግማሽ ግን ማንም አይተርከውም።

ስለ እንግዳውም ዕድል ጥቂት እንበል፤ የሚያስቀው ክፍል ያለው እዚያ ነውና። ፍራንቼስኮ ሱሪያኖ የተባለ የኢጣልያ መነኩሴ እንደ ጻፈው፣ በ1480ዎቹ በቤተ መንግሥታችን የተገኙት ኢጣልያውያን ዕንቁና የከበረ ድንጋይ ፍለጋ የመጡ ነበሩ። ንጉሡ እንደየማዕርጋቸው አኖሯቸው፤ ወደ አገራቸው ለመመለስ ግን አልፈቀዱላቸውም። ቀለባቸው ሞልቶ ሳለ ፊታቸው እንደ ጠቆረ ይኖሩ ነበር። ብራንካሌዮንም መርቆሬዎስ ተብሎ፣ የአገሩን ቋንቋ ተምሮ፣ እዚሁ አረጀ። በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አግኝቶት ነበር፤ ሠዓሊ ቢሆንም ቅሉ የተከበረ ትልቅ ጌታ ነው ሲል ጽፎለታል። «ቢሆንም ቅሉ» የምትለዋን ልብ ይሏል። ሠዓሊና ክብር አንድ ላይ መገኘታቸው የደነቀው ከአውሮፓ የመጣው ሰው ነው፤ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ግን ያው ሠዓሊ እንደ ጌታ ተከብሮ ይኖር ነበር። እነሆ ለሳቅ የሚበቃ ነገር! ነገር ግን ያችን «ቢሆንም» ከዚያ ወዲህ እኛ ተረክበናታል፤ ልጁ ሠዓሊ ልሁን ሲለው የማይደነግጥ ሹም ካለ እጄን ወደ ላይ አነሣለሁ።

ዘጌ የተወለደው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እንኳ ወደ ቶሪኖ ሄዶ የተማረው ሥዕል ነበር፤ ዛሬ ግን ማንም የሚያውቀው በመጽሐፉ ነው።

ከመራዊ እስከ ቡሬና እስከ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ዛፍ በከበባቸው ክብ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ፣ የመቅደሱ ግድግዳ በሸማ ላይ በተሣለ ሥዕል ተሸፍኖ ይታያል። በአንዳንዱ ላይ አዲስ የዘይት ቀለም ተቀብቶበታል፤ በአንዳንዱም ላይ በውጭ አገር የታተመ የኢጣልያ ሥዕል በወረቀት ተለጥፎበታል። ያን ጊዜ አንድ ፈረንጅ አንድ ሥዕል ቢሥል አገር ተነሣ፤ ዛሬ የታተመ ወረቀት የአባቶችን እጅ ሥራ ሲሸፍን የሚነሣ የለም። አላዋቂው ማን ይሆን?

በ1974 በአውሮፓ አቆጣጠር ዲያና ስፔንሰር የብራንካሌዮንን ሥራ በጎጃም ፈልጋ ማግኘቷን በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት አወጣች። ደግ አደረገች። ነገር ግን ከብራንካሌዮን አስቀድሞ፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ፍሬ ጽዮን የሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ሥዕል ይሥል ነበር፤ ስሙ የተጻፈበት ሥራው የሚገኘው በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ነው። የቬኒሱን ሰው ጨዋታ በቃሉ ከሚያወርድ ተማሪ ስለ ፍሬ ጽዮን አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጠይቁት ዝም ይላል። ይህ የተማሪው ጥፋት አይደለም፤ ያልተነገረውን ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የወረዳው መምህራን በዕረፍት ቀን ተማሪዎቻቸውን ይዘው፣ ካህናቱን አስፈቅደው፣ ከየሥዕሉ ግርጌ ያለውን ጽሕፈት ይገልብጡ። ያሣለው ባለጸጋ ከሥዕሉ እግር ሥር ወድቆ ስሙ ተጽፎ ይገኛል፤ የሠዓሊው ስም ግን ብዙውን ጊዜ የለም። ያኔ አረጋውያኑን መጠየቅ ነው፤ ማን እንደ ሣለው፣ ከየት እንደ መጣ፣ ቀለሙን ከምን እንዳወጣ። የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ ሲለወጥና ግድግዳው ሲታደስ ሸማው አብሮ ይነሣልና፣ ሥራው ክረምት ሳይገባ ቢጀመር ይሻላል።