በማን ቆዳ ላይ ተማረ?

ባለፈው ወር አንድ ቀን፣ የቅርንጫፋችን በር ተዘግቶ የቀኑ ሂሳብ ከተወራረደ በኋላ፣ ከጎኔ ባለው መስኮት የሚሠራው ባልደረባዬ አዲሱን ሰዓቱን ከእጁ ፈታና በአንድ እሽግ የሁለት መቶ ብር ኖት ላይ አሰረው። ሰዓቱ ጥቂት አሰበ። አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገ። ከዚያም የብሩን የልብ ምት ነገረን፦ 71። ስኳሩንም ለካለት፦ 98። ሳቅን። ዋና ገንዘብ ያዧ «እኛ በዚህ ሙቀት ስንቀልጥ ብሩ ግን ጤነኛ ነው» አለችና እሽጉን ወደ ካዝናው መለሰችው።

የእኔ ሳቅ ቶሎ ደረቀ። ባልደረባዬ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ሰዓቱን የገዛው ከመጋላ ሲሆን፣ ሻጩ «ያለ መርፌ፣ ያለ ደም፣ በቆዳህ ብቻ ስኳርህን ይነግርሃል» ብሎታል። እስከዚያች ምሽት ድረስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጣቱን መውጋት ትቶ ነበር።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳን ሳይወጋ በራሱ ስኳር ይለካል የተባለ አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት እንዳልፈቀደ ገልጿል። በክንድ ላይ የሚለጠፉት እውነተኛዎቹ የስኳር መከታተያዎች እንኳ ከቆዳ በታች የምትገባ ቀጭን ክር አለቻቸው። በሐሰት ቁጥር ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምን እንደሚያገኘው ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም። ነገሩን ለባልደረባዬ ነገርኩት፤ የጣት መውጊያውንም ከመሳቢያው አወጣ። የሐሰት ብር መለየት የዕለት እንጀራዬ ነውና፣ ሐሰተኛ ዕቃ ያናድደኛል እንጂ እንቅልፍ አይነሳኝም። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው፤ እውነተኛ ሆኖ፣ ተፈቅዶ፣ በሐኪም እጅ ተይዞ፣ በእኔ ቢጤ ቆዳ ላይ ሲደርስ ግን የሚሳሳተው መሣሪያ።

አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር። (በድሬ ልማድ «አንተ» እያልኩት ነው ያደግሁት፤ ከዚህ ከተማ ውጭ ያላችሁ አንባብያን ይቅር በሉኝ።) ሥራው መዶሻ ነበር። ባቡሩ በቆመ ጊዜ ከፉርጎ ፉርጎ እየዞረ፣ እያንዳንዱን የብረት መንኰራኩር እጀታው በረዘመ መዶሻ ቀስ አድርጎ ይመታና ያዳምጣል። ደኅናው ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። ሳይፈቱና ሳይቆርጡ የብረቱን ሆድ ዕቃ ከውጭ ማወቅ ማለት ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ መዶሻውን ሰጠኝና መታሁ፤ ምንም ልዩነት አልሰማሁም። «መጀመሪያ ደኅናውን ሺህ ጊዜ ስማ፤ ያውም የዚህን ባቡር። በሌላ ብረት የተማረ ጆሮ እዚህ አይሠራልህም» አለኝ።

ኮሮና በበረታበት በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ አባቴ ታመመ። ጎረቤታችን በጣት ላይ የምትቆነጠጠውን ፐልስ ኦክሲሜትር አዋሰችን። ጠዋት 94፤ ማታ 93። በስልክ ያማከርነው የጤና ባለሙያ «ከ90 ከወረደ አምጡት» አለን፤ ምክሩ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው መመዘኛ የተለየ አልነበረም። አባቴ ግን «ትንፋሼ አልበቃ አለኝ» ይል ነበር። እኔ ደግሞ ጣቱን ይዤ ቁጥሩን አሳየው ነበር። «ይኸው እኮ፣ 93 ነው፣ ደኅና ነህ» እያልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ በአባቴና በቁጥሩ መካከል ዳኛ ሆኜ ተቀመጥኩ፤ ለቁጥሩም ፈረድኩ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከንፈሩ አመድ መስሎ አገኘነው። ኦክስጅን ተደረገለት። በአምስተኛው ቀን አረፈ።

ደሙ ከደም ቅዳ ተቀድቶ ስላልተመረመረ፣ ያ 93 እውነት ይሁን ሐሰት ዛሬም አላውቅም። በሽታው ራሱ ብዙ ሰው እንደገደለም አውቃለሁ። ጎረቤታችን መሣሪያዋን መልሳ ለመውሰድ እሺ አላለችም። እነሆ እስካሁን በመሳቢያዬ ውስጥ አለች።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ይህን መሣሪያ የሚቻል ያደረገውን ሐሳብ ያፈለቀው ታኩዎ አዮያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974። ዓለም ሁሉ የእርሱን ፍሬ ሲሻማ በነበረበት በኤፕሪል 2020 በ84 ዓመቱ ዐረፈ። ሐሳቡ ከግጥም አይተናነስም። ኦክስጅን የጠገበ ደምና ኦክስጅን የራበው ደም ቀይ ብርሃንንና ለዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ የሚውጡት በተለያየ መጠን ነው። ሁለቱን ብርሃኖች በጣት በኩል ብንሰድ፣ ቆዳውም፣ አጥንቱም፣ ሥጋውም ያው ናቸው፤ አይለዋወጡም። ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው ከደም ቅዳ የሚመጣው ደም ብቻ ነው። እንግዲያስ የማይንቀሳቀሰውን ትቶ የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ማንበብ! በዚህ ስሌት የቆዳ ቀለም ከማይንቀሳቀሱት ወገን ስለሆነ ከሂሳቡ መውጣት ነበረበት።

በወረቀት ላይ ወጥቷል። በጣት ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣም። መሣሪያው የሚያነበው የሁለቱን ብርሃኖች ንጽጽር እንጂ መቶኛውን አይደለም። ንጽጽሩን ወደ 93 ወይም ወደ 97 የሚለውጠው ውስጡ ያለ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ የተሠራው ደግሞ ጤነኛ ፈቃደኞች ኦክስጅኑ የተቀነሰ አየር እንዲስቡ ተደርጎ፣ ከደም ቅዳቸው ደም እየተቀዳ፣ ከመሣሪያው ንባብ ጋር እየተመሳከረ ነው። እነዚያ ፈቃደኞች በአብዛኛው ነጭ ቆዳ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። የአሜሪካው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ እንኳ በ10 ሰዎች የሚደረግን ሙከራ ይቀበል ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ ጠቆር ያለ ቆዳ ይኑራቸው ይል ነበር። ሁለት ሰው!

ችግሩ ተደብቆ አልኖረም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ጥናት መሣሪያው በጥቁር ሕሙማን ላይ አዘውትሮ እንደሚሳሳት ጽፎ ነበር። ሠላሳ ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የሆስፒታላቸውን መዝገብ አገላብጠው፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ያለባቸውን ንባቦች በዚያው ሰዓት ከተቀዳ ደም ጋር አመሳከሩ። እውነተኛው መጠን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በነጮቹ ከመቶ 3.6 ጊዜ፣ በጥቁሮቹ ግን ከመቶ 11.7 ጊዜ ነበር። ቁጥሮቹን ያነበብኩት ሌሊት ነው። ከ92 እስከ 96። የአባቴ 93 እና 94 የተቀመጡት እዚያው መካከል ነው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ስሕተት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ገንዘብ ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል። የአንድ ገንዘብ ከፋይ ሂሳብ አንድ ቀን ጥቂት ቢጎድል፣ ሌላ ቀን ጥቂት ቢተርፍ ድካም ነው እንላለን። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ብቻ ካጋደለ ግን ምርመራ ይጠራል። ይህ መሣሪያ በጠቆረ ቆዳ ላይ ሲሳሳት በብዛት የሚያጋድለው ወደ ላይ ነው፤ «ደኅና ነህ» ወደሚለው። ወደ ታች ቢሆን ኖሮ ከንቱ ድንጋጤና የባጃጅ ሂሳብ ነበር ኪሳራው።

ሌላም ምሳሌ ከሥራዬ ልጨምር። በ2013 ዓ.ም. መስከረም የብር ኖት ሲቀየር፣ የእኛ መቁጠሪያ ማሽን አዲሱን ኖት እየተፋ አስቸግሮን ነበር። ብሩ ግን ፍጹም እውነተኛ ነበር። ማሽኑ በአሮጌው ኖት ብቻ የተማረ ስለነበር ነው። ያን ጊዜ ማንም «ብሩ ይስተካከል» አላለም፤ ማሽኑ አዲሱን እንዲማር ተደረገ። ስለ ወረቀት ይህን ያህል ግልጽ የሆነልን ነገር ስለ ሰው ቆዳ ሲሆን ሠላሳ ዓመት ለምን ፈጀ? በዚያው ሰሞን ጫር ጫር ካደረግኋት ግጥም የተረፈችኝ አንዲት መንቶ ናት፤ ሌላው ተቀዷል፦

ከጓዳ ነኝ ይላል ከደጃፍ ላይ ቀርቶ፣
ደሜን አየሁ ይላል ቆዳዬን ብቻ አይቶ።

ድሬ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። የጥፍር ቀለምና የጠቆረ ሂና ብርሃኑን እንደሚጋርዱ የታወቀ ነው። የጥፍር ቀለም በጥጥ ይለቃል፤ ለሠርግ ወይም ለዒድ የተቀባ ሂና ግን ሳምንታት ይቆያል። በዚህ ከተማ ስንት እናት ጣቷ እንዳጌጠ ትወልዳለች? ጆሮዋ ላይ ወይም ባልተቀባ ጣቷ ላይ መለካት እንደሚገባ የሚነግራት ሊኖር ይገባል። የከፍታውም ነገር አለ። እኛ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። አየሩ በሳሳበት ከፍታ የጤነኛውም ሰው ቁጥር ዝቅ ማለቱ አይቀርም፤ ለባሕር ዳርቻ ሰው «ደኅና» የተባለው ልክ ለሁሉም እኩል አይናገርም።

ይህን ስል አንድ የምኮራበት ጥናት ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ፣ 236 ነዋሪዎችን መርምረው የደማቸው ኦክስጅን በአማካይ 95.3 ከመቶ መሆኑን ጻፉ፤ በባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው ያህል ማለት ነው። የአንዲስም የቲቤትም ደገኞች እንዲህ አልነበሩም። ኦክስጅኑ የተለካው ግን በዚሁ በጣት መሣሪያ ነው። ጥናቱን ሐሰት ነው የማለት ዕውቀቱም ድፍረቱም የለኝም፤ የደማቸው ሄሞግሎቢንም ለብቻው ተለክቶ ከባሕር ዳርቻ ሰው ብዙም እንዳልራቀ ታይቷል። ነገር ግን ስለ ራሳችን አካል የምናውቀው ታላቅ ነገር እንኳ በሌሎች ቆዳ ላይ በተማረ ዓይን የታየ መሆኑ ያሳስበኛል።

«በሌለበት አገር ስለ ጥራት ታወራለህ» የሚለኝ ወዳጅ አለ። አልተሳሳተም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 የሕክምና ኦክስጅንንና የዚህን መሣሪያ ሥርጭት የሚያስፋፋ ፍኖተ ካርታ ያወጣው፣ በሳንባ ምች የሚታፈኑ ሕፃናትን ያለ እርሱ መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። መሣሪያው ይግባ፤ በየጤና ጣቢያው ይድረስ። የምጠይቀው፣ ሲገባ አንድ ጥያቄ እንዲጠየቅ ነው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ባወጡት ረቂቅ የሙከራውን ሰው ከ10 ወደ 150 አሳድገው፣ የቆዳው ቀለም ከነጣው እስከ ጠቆረው ተመድቦ እንዲመዘገብ ሐሳብ አቅርበዋል። የእኛ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለምዝገባ ከሚቀበለው ሰነድ ላይ «በማን ቆዳ ላይ ተፈተነ?» የምትል አንዲት መስመር ቢጨምር ምን ይከብደዋል? ዩኒቨርሲቲዎቻችንስ የደም ቅዳ ደም መመርመሪያ ባላቸው ሆስፒታሎቻቸው ውስጥ ሁለቱን ንባብ ጎን ለጎን እየጻፉ ለአንድ ዓመት ቢያኖሩ? ይህ ሮኬት ማምጠቅ አይደለም። ሂሳብ ማመሳከር ነው፤ እኛ ቆጣሪዎቹ በየማታው የምንሠራው።

ባለፈው ሳምንት ማታ አንዲት የሠፈር ልጅ፣ የሁለት ዓመት ልጇን ታቅፋ፣ «ያቺን የጣት ነገር አውሰኝ» ብላ መጣች። ሕፃኑ ያተኩሰዋል፤ ያስለዋል። ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ትንሹ ጣት ለአዋቂ በተሠራው መቆንጠጫ ውስጥ እየዋኘች አስቸገረችን፤ በመጨረሻ 95 አለች። እናትየው ተነፈሰች። እኔ ግን የልጁን ሸሚዝ ገለብኩት። በተነፈሰ ቁጥር የደረቱ ግርጌ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር።

«95 እኮ ነው» አለችኝ።

«አይቻለሁ» አልኳትና ባጃጅ ልጠራ ወደ ከዚራው መንገድ ወጣሁ።